የመጀመሪያው ዝናብ ሣር፦ ለከብቱ ቀለብ ወይስ ለመሬቱ ዕዳ?

ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደቡባዊ ዳርቻ ሆኖ ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት አንድ ለውጥ ሳያስተውል አይቀርም። ከኅዳር ጀምሮ ቢጫና ግራጫ ሆኖ የከረመው ሜዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝናብ ሲያገኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ለብሶ ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ የመሰለው ይህ ለምለም ሲቀርቡት ግን ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ ቅጠሉ የሳሳ፣ አፈሩንም ገና ያላለበሰ ቡቃያ ነው። በጋውን በጭድና በአተላ የከረሙ ላሞችና በጎች ወደዚህ መስክ የሚለቀቁት በዚሁ ሰሞን ነው። ባለቤቶቻቸውም ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም፤ የጭዱ ክምር የሚሟጠጠውና ዋጋውም የሚወደደው በእነዚሁ ሳምንታት ነውና።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሣሩ ለምልሟል፤ ከብቱም ተርቧል፤ ታዲያ ለምን አይግጥም? የዕፅዋት ሥነ ሕይወት፣ የአፈር ሳይንስና የእንስሳት ጤና ተባብረው የሚሰጡት መልስ ግን ብዙዎችን ያስደንቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት የሚነጨው ቅጠል በሰኔና በሐምሌ ሊገኝ ከሚችለው ብዙ እጥፍ መኖ ላይ የሚቀነስ ነው። በአጭሩ የመጀመሪያው ለምለም ገና ቀለብ አልሆነም፤ ሣሩ ከራሱ ስንቅ ተበድሮ ያወጣው ቅጠል ነው።

ጉዳዩ ለነፋስ ስልክ ላፍቶና ለአካባቢው የተለየ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ይህ ክፍለ ከተማ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ያገኘው በቀድሞው ዘመን ከነበረው የገመድ አልባ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ ላፍቶና ሀና ማርያም ዛሬ በቤት የተሞሉ ቢሆኑም በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበሩ ናቸው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲስፋፉ ግጦሹ እየተቆራረጠ ወደ ወንዝ ዳርቻ፣ ወደ ገደላማ ሥፍራና ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ወዳለው ወደ ፉሪ ገፍቷል። ከብቱ ግን አልጠፋም። መሬቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ የቀረው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሰጠው የሣር መጠን ይበልጥ የሚቆጠር ይሆናል።

ጸደይ የቱ ነው?

አስቀድመን አንድ የስያሜ ነገር እናጥራ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን አደይ አበባ የሚፈካበትን የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ጸደይ ማለት ተለምዷል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ሲባል፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት ገበሬው በልግ ከሚለው የትንሹ ዝናብ ጊዜ ጋር በከፊል ይደራረባል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያሉ ከብት አርቢዎችም የጸደይ ግጦሻቸውን የሚጀምሩት በእነዚሁ ወራት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ጸደዮች የሚነሡት በተለያየ ምክንያት ነው። በአውሮፓ ሣሩን አስሮ የሚያቆየው ብርድ በመሆኑ የአፈሩ ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እድገቱ ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ እየረዘመና እየሞቀ ስለሚሄድ የተጀመረው እድገት በአብዛኛው አይቋረጥም። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የደቡብ አዲስ አበባ ሜዳ ግን የሙቀቱ መጠን ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። ሣሩን አስሮ የሚያቆየው የውኃ እጥረት ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ እንግዳ እንጂ ነዋሪ አይደለም፤ ለአሥር ቀናት ዘንቦ ለሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሣር አውሮፓዊው ዘመዱ የማያውቀው አደጋ አለበት። ስንቁን አውጥቶ ቅጠል ካበቀለ በኋላ ዝናቡ ሊከዳው ይችላል። ያንኑ ቅጠል ከብት ቀድሞ ከነጨው ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ሣር ከምን ተነሥቶ ያድጋል?

በአካባቢያችን የግጦሽ መሬት በብዛት የሚገኙት እንደ ሰርዶና ጋጃ ያሉት ሣሮች፣ እንዲሁም በዓለም ዙሪያ በግጦሽነት የታወቀው ኪኩዩ ሣር፣ ከብት ነጭቷቸው መልሰው ማደግ የሚችሉት በአንድ ልዩ አፈጣጠር ምክንያት ነው። የዛፍ ማደጊያ ጫፍ ከላይ ሲሆን የሣር ማደጊያ ነጥብ ግን ከመሬት ጋር ተጠግቶ፣ በቅጠሎቹ እቅፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ቅጠሉ ሲነጭ ነጥቡ ይተርፋል፤ አዲስ ቅጠልም ከሥር ይገፋል።

ነገር ግን አዲስ ቅጠል ለመሥራት ኃይል ያስፈልጋል። በጋውን ደርቆ የከረመ ሣር ብርሃን አስተፃምሮ የሚያካሂድበት አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ይህን ኃይል የሚያገኘው ባለፈው ክረምት በግንዱ ግርጌ፣ በምድር ላይ በሚሳበው ግንዱና በሥሩ ካከማቸው ስኳርና ስታርች ነው። የመጀመሪያው ቅጠል ሙሉ በሙሉ በዚህ ስንቅ የተሠራ ነው። ሁለተኛውም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ሣሩ ወጪውን በራሱ ገቢ መሸፈን የሚጀምረው፣ ዝርያው ቢለያይም፣ በእያንዳንዱ ቡቃያ ላይ ሦስት ያህል ሙሉ ቅጠሎች ሲዘረጋ ነው። ከዚያ በኋላ ትርፉን መልሶ ወደ ስንቁ ያስገባል።

በሁለተኛው ቅጠል ላይ የሚደርስ ከብት የሚበላው እንግዲህ ትርፉን ሳይሆን ዋናውን ነው። ሣሩ ከቀረው ስንቅ ሌላ ቅጠል ያወጣል፤ ከብቱ እንደገና ይነጨዋል። ሦስትና አራት ጊዜ እንዲህ የተመላለሰበት ሣር ስንቁ ተሟጥጦ ይደክማል፤ በቦታውም ከብት የማይወደው አረም ይተካል።

ጉዳቱ ከመሬት በታችም ይቀጥላል። ፍራንክሊን ክራይደር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጥናት የሣር ቅጠልን በተለያየ መጠን እየቆረጡ የሥሩን እድገት ተከታትለዋል። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ እስኪቆረጥ ድረስ ሥሩ እድገቱን ይቀጥላል። ከዚያ በላይ ሲቆረጥ ግን ሥሩ ማደጉን ያቆማል፤ 80 እና 90 ከመቶ የሚሆነው ሲወገድ ከ10 ቀናት በላይ ቆሞ ይቆያል። ዝናቡ በየመሃሉ በሚቋረጥበት በበልግ ወቅት ጥልቅ ሥር የሌለው ሣር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ሌላው ምክንያት የብርሃን ጉዳይ ነው። በሳሳ መስክ ላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን በአብዛኛው የሚያርፈው በባዶ አፈር ላይ ነው። ቅጠሉ እየበዛ አፈሩን ሲሸፍን የሚያዘው ብርሃን ይጨምራል፤ ብርሃኑ ሲጨምር ቅጠሉ ይበልጥ ይበዛል። ለማስላት ያህል የሳሳው መስክ በቀን በሄክታር 10 ኪሎ ግራም፣ የሸፈነው ደግሞ 40 ኪሎ ግራም ደረቅ ሣር ይጨምራል ብለን እንውሰድ። መስኩ በየቀኑ እየተጋጠ ለ42 ቀናት እንደሳሳ ቢቆይ የሚሰጠው 420 ኪሎ ግራም ነው። ለመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ቢታገድና በቀሪዎቹ 21 ቀናት በሙሉ ቅጠል ቢያድግ ግን 210 እና 840 ተደምረው 1,050 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ዝናቡ ያው ነው፤ መሬቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሦስት ሳምንት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሃምሳ ኪሎ ሣር

ከላይ ያልነው ለሣሩ የሚጠቅም ቢሆንም ለተራበችው ላም ግን ክፉ ምክር ሊመስል ይችላል። እስቲ ነገሩን ከላሟ ወገን ሆነን እንመልከተው።

300 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን 8 ኪሎ ግራም ያህል መኖ ያስፈልጋታል፤ ይህ ግን ውኃው ተነኖ የሚቀረው ደረቅ ክብደት ነው። አዲስ የበቀለ ሣር አብዛኛው ውኃ ነው። ከመቶው እጅ 16ቱ ብቻ ደረቅ ነገር ነው ብንል፣ 8 ኪሎ ግራሙን ለማግኘት ላሟ በቀን 50 ኪሎ ግራም እርጥብ ሣር መብላት አለባት።

ትችላለችን? ላም በግጦሽ ላይ ስትሆን በደቂቃ ወደ 60 ጊዜ ያህል ትነጫለች። በቀን 10 ሰዓት ብትግጥ 36,000 ጊዜ ነጨች ማለት ነው። ሣሩ ረዥም ሆኖ በአንድ ንጭት 0.25 ግራም ደረቅ ሣር ብታገኝ በቀን 9 ኪሎ ግራም ታስገባለች፤ ትጠግባለች። ሣሩ ጣት የማይሞላ ሆኖ በአንድ ንጭት 0.1 ግራም ብቻ ብታገኝ ግን የቀኑ ድምር 3.6 ኪሎ ግራም ነው። ላሟ ከጧት እስከ ማታ አፏን ከመሬት ሳታነሣ ውላ ከሚያስፈልጋት ግማሹን እንኳ ሳታገኝ ትገባለች። በዚያ ላይ አረንጓዴውን እያየች ወዲያና ወዲህ ስትል የምታቃጥለው ኃይል አለ። አርቢዎች በዚህ ወቅት ከብቱ ሣር እያለው ከሳ ሲሉ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን የዘነጋው በሬ ተረት በዚህ መስክ ላይ በየዓመቱ ይደገማል።

ከጭድ ወደ ለምለም፦ በሆድ ውስጥ የሚሆነው

የሚያመሰኩ እንስሳት መኖአቸውን የሚፈጩት ሩመን በተባለው ትልቁ የጨጓራ ክፍል ውስጥ በሚኖሩ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ደቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በሚቀርብላቸው መኖ ዓይነት ይለያያሉ። በጋውን ጭድ ስትበላ በከረመች ላም ውስጥ የሚበዙት ጠንካራውን አሰር የሚሰብሩት ናቸው። የእህል ጭድ ፕሮቲን በአብዛኛው ከ5 ከመቶ አይበልጥም፤ ሕዋሳቱ በደኅና ለመሥራት ደግሞ 7 ከመቶ ያህል ይሻሉ። ስለዚህ ላሟ በበጋው መጨረሻ የምትደክመው ጭዱ ስላነሰ ብቻ ሳይሆን የበላችውንም በሚገባ መፍጨት ስለሚያቅታት ጭምር ነው።

ለጋ ሣር በአንጻሩ ከ15 ከመቶ በላይ ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል፤ አሰሩም ጥቂት ነው። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ለውጡ ድንገተኛ ሲሆን ሕዋሳቱ አይከተሉትም። አዲሱን መኖ የሚፈጩት ወገኖች በርክተው እስኪደላደሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ ሣሩ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ከብቱን ተቅማጥ ይይዘዋል። ለምለም ሣር በፖታሲየም የበለጸገና በማግኒዥየም የደኸየ ሲሆን ደግሞ በተለይ ብዙ ወተት የሚሰጡ ላሞች ጡንቻ የሚያንቀጠቅጥና ሊገድል የሚችል ሕመም ሊይዛቸው ይችላል፤ ይህ በአውሮፓ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ የጸደይ ሥጋት ነው።

ክረምቱ ገብቶ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የኢትዮጵያ ደጋ በአፍሪካ ውስጥ የማገጥ ዝርያዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ሥፍራዎች ዋነኛው ነው፤ ከ20 በላይ ዝርያዎች አሉት። ማገጥ በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች እርዳታ የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚያስገባ፣ በፕሮቲንም የበለጸገ እጅግ ጠቃሚ ተክል ነው። ሆኖም እንዲህ ያሉ የአተር ቤተሰብ ተክሎችን የተራበ ከብት በአንድ ጊዜ አብዝቶ ሲበላቸው በውስጣቸው ያለው የሚሟሟ ፕሮቲን በጨጓራው ውስጥ ጽኑ አረፋ ይፈጥራል። በማብላላት የሚወጣው ጋዝ በአረፋው ይታፈናል፤ ከብቱ ማግሳት ያቅተዋል፤ ግራ ጎኑ ይነፋል። ሳንባው ተጨንቆ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የምግብ ዘይት አረፋውን ስለሚሰብር ጊዜያዊ መድኃኒት ነው፤ ሲያጠጡት ግን ወደ ሳንባ እንዳይገባ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻል፤ የእንስሳት ሐኪም መጥራትም አይዘገይም።

መከላከያው ከሕክምናው እጅግ የቀለለ ነው። ከብቱ ጧት ወደ መስክ ከመለቀቁ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ ይብላ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የግጦሹ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ሰዓት አይለፍ፤ ከዚያ በኋላ በ10 እና በ14 ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ዋልካና ኮቴ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ ከላፍቶ እስከ አቃቂና ከዚያም ወደ ቢሾፍቱ በሚዘልቀው ሜዳ ላይ ሰፊ ቦታ የያዘው ጥቁሩ ዋልካ አፈር ነው፤ በአካባቢው ኦሮምኛ ኮቲቻ ይባላል። ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የዚህ ዓይነት አፈር አላት። በውስጡ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ የሚታዩት እጅ የሚያስገቡ ስንጥቆች የዚህ ውጤት ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቆቹ በኩል ወደ ጥልቁ ይገባል፤ አፈሩ ጠግቦ ሲያብጥ ግን ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ ከላይ ይተኛል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን አፈር ከብት ሲረግጠው ምን ይሆናል? 300 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ላማችን የእያንዳንዱ ኮቴዋ ስፋት 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በአራት እግሯ ስትቆም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1.25 ኪሎ ግራም ታሳርፋለች። ስትራመድና ክብደቷ በሁለት እግር ላይ ሲያርፍ 2.5 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም የአንድ ቤት መኪና ጎማ መሬቱን ከሚጫነው ጋር የሚቀራረብ ነው። ደረቅ ዋልካ ይህን ይችላል። እርጥብ ዋልካ ግን እንደ ሊጥ ይቦካል፤ አየርና ውኃ የሚመላለሱባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ በግርጌው ያለው የሣሩ ማደጊያ ነጥብም በጭቃው ውስጥ ይቀበራል።

የአንድ ሳምንት ርግጫ የሚያስከትለው መዘዝ ለረዥም ጊዜ ይቀጥላል። ውኃ መስረግ ሲያቅተው ይተኛል። ውኃ በተኛበት ቦታ መልካሙ ሣር ታፍኖ ይጠፋና ቄጠማ መሳይ ተክሎች ይተኩታል። እርጥበቱ ደግሞ ለአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ይመቻታል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የሚገኘው የጉበት ትል ሕይወቱን የሚፈጽመው በዚህች ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ከከብቱ እበት ጋር የወጣው እንቁላል በውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ ትሉ ወደ ቀንድ አውጣዋ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ከሣር ጋር ይጣበቅና የሚግጠውን ከብት ይጠብቃል። በየቄራው በምርመራ የሚጣለው ጉበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ትል ነው። እርጥበታማውን ቦታ አጥሮ ከብት እንዳይደርስበት ማድረግ ስለዚህ አፈሩንም ጉበቱንም ይጠብቃል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚለመልመው ቦታ

ዝናቡ ከመምጣቱም በፊት አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም የወንዝ ዳር ነው። በነፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ከታላቁ አቃቂ ጋር ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገባ ሲሆን፣ በመንገዱ የመኖሪያ ቤቶችንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይሰበስባል። በአቃቂ ወንዞች ውኃ በሚለሙ መሬቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከዚያው አፈር የሚበቅለው ሣርም ከዚህ ነጻ ሊሆን አይችልም። በተለይ ከብቱ ሣሩን ከሥሩ አስጠግቶ ሲነጭ አፈሩንም አብሮ ስለሚውጥ፣ ሣሩ አጭር በሆነ ቁጥር ወደ ሆዱ የሚገባው ብክለት ይጨምራል። ስለዚህ በጸደይ መባቻ ከሁሉ የለመለመው ቦታ ከሁሉ የሚመረጠው ቦታ አይደለም።

ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ስንቅ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ አንድ ምክር ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ መስኩ ሦስት ቅጠል እስኪያወጣና አፈሩን እስኪሸፍን ድረስ ይታገድ። ይሁንና መታገሥ የሚችለው ስንቅ ያለው ነው። ስንቁስ ስንት ነው? ለአንዲት ላም በቀን 8 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ለ30 ቀናት 240 ኪሎ ግራም ይሆናል። ድርቆሽ ራሱ ከመቶ 10 ያህል እርጥበት ስላለው 267 ኪሎ ግራም ድርቆሽ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አንዱ እስር 15 ኪሎ ግራም ቢመዝን 18 እስር ገደማ ይሆናል።

እነዚህ 18 እስሮች የሚዘጋጁት በመጋቢት አይደለም፤ በጥቅምት ነው። አብዛኛው የተፈጥሮ ሣር በከተማችን ዙሪያ፣ ለምሳሌ በሱሉልታ ሜዳ፣ የሚታጨደው ዝናቡ ፈጽሞ ካቆመ በኋላ ነው። ይህም ምክንያት አለው፤ ዝናብ የመታው ድርቆሽ ይሻግታል። ነገር ግን ሣሩ አፍርቶ ከደረቀ በኋላ ፕሮቲኑ ከ7 ከመቶ በታች ይወርዳል፤ ክምሩ ትልቅ ቢሆንም ከጭድ ብዙ አይሻልም። ሣሩ ማበብ ሲጀምር አጭዶ፣ ጥቂት ፀሐያማ ቀናት መርጦ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ በጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ጥራቱን ይጠብቃል።

መስክ የሌለው የከተማ አርቢም መንገድ አለው። አጃን ከቬች ጋር ቀላቅሎ በሰኔ መዝራት፣ በግቢ ጠርዝ ዝሆኔ ሣርን ወይም ከጋሞ ጨንቻ ተነሥቶ በአገሪቱ የተስፋፋውን ደሾ ሣር መትከል፣ ውኃ ካለም አልፋልፋ ማልማት በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና በሌሎችም ማዕከላት ሲጠና የኖረ ልምድ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘረ መል ባንክ ወደ 19,000 የሚጠጉ የመኖ ተክሎች ናሙናዎችን ይዟል። አገራችን ከውጭ የመጡ የወተት ላሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። ዛሬም በየበረቱ ያሉት ድቅል ላሞች ያላቸው ወተት የመስጠት ችሎታ የሚገለጠው በዘራቸው ልክ መኖ ሲያገኙ ነው።

የጋራ በሆነ መስክ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢታገሥ ምን ይጠቅመዋል? እርሱ ያተረፈውን ሣር የጎረቤት ከብት ይበላዋል። ለዚህ ችግር መልስ ለመሻት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የማኅበረሰብ ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይታወቃል። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈትበትን ጊዜ ማኅበረሰቡ በመረጣቸው አለቆች በኩል ይወስናል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፣ ሕዝቡ በአዲስ አደረጃጀት ሜዳውን መጠበቁን ቀጥሏል። ፈረንሳዊው አንድሬ ቯዛን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ መስክን ከፋፍሎ በየተራ የማስጋጥን ሕግጋት ሲዘረዝር፣ የመጀመሪያው ሕጉ ሣሩ ስንቁን መልሶ እስኪያከማች ድረስ ይረፍ የሚል ነበር። የመንዝ ሰዎች ከእርሱ በፊት በሦስት መቶ ዓመት ለሜዳቸው ዕረፍት ይሰጡ ነበር።

በትምህርት ቤት ግቢ የሚሠራ ሙከራ

ተማሪ አንባብያን ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዳለ እንዲቀበሉ አንሻም፤ ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ ከብት በማይደርስበት ሣራማ ቦታ ላይ በችካልና በገመድ ሁለት አራት ማዕዘኖችን እንከልል፤ የእያንዳንዱ ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የመጀመሪያውን በየሳምንቱ 3 ሴንቲ ሜትር አስቀርተን በመቀስ እንቁረጥ። ሁለተኛውን ለስድስት ሳምንታት ሳንነካው ቆይተን በመጨረሻው ቀን በዚያው ከፍታ አንድ ጊዜ እንቁረጠው። የሁለቱንም ሣር በፀሐይ አድርቀን ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ እየመዘንን እንመዝግብ። በግራም ያገኘነውን ቁጥር በ40 ስናባዛው በሄክታር ስንት ኪሎ ግራም እንደሚሆን እናውቃለን።

ለአፈሩም ተመሳሳይ ሙከራ አለ። ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ በተረገጠ መንገድ ላይና ባልተረገጠ ሣር ውስጥ በመጠኑ ቀብረን ግማሽ ሊትር ውኃ እንጨምርና እስኪሰርግ የሚወስደውን ጊዜ በሰዓት እንያዝ። ልዩነቱ ኮቴ በአፈር ላይ የሚያደርሰውን በቁጥር ያሳየናል።

ሙከራው በአንድ ዓመት ብቻ ሳይወሰን በየበልጉ ቢደገም፣ ዝናቡ በዘገየበትና በተቋረጠበት ዓመት ሣሩ ስንት ሳምንት ዕረፍት እንደሚሻ ለማወቅ ይረዳል። በነፋስ ስልክ ላፍቶና በዙሪያው ለቀሩት አርቢዎች የሚበጀውም ይህ ዓይነቱ የቅርብ ዕውቀት ነው። የግጦሽ መሬታቸው ከእንግዲህ ይሰፋል ተብሎ አይጠበቅም፤ በቀረው መሬት ላይ ግን የመጀመሪያውን ለምለም ለሦስት ሳምንታት ማቆየት ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገውን ድርቆሽ ለማሰናዳት ደግሞ የጥቅምት ፀሐይ በየዓመቱ ትመለሳለች።